አዳማ ላይ «ሙሉ ባንድ» ብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቅዳሜን አዳማ ለማምሸት ያሰባችሁ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የምትመጡ ወገኖች፣ እባካችሁ ይቺን አንብባችሁ ውጡ። ያመሸንበት ቤት ታላላቆቻችን ስሙን በደህና የሚያነሱት ነባር የምሽት ክለብ ነው። እኛም ስሙን አምነን ነው የሄድነው። አሁን ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው።

በሩ ላይ የተለጠፈው «ሙሉ ባንድ» ይላል፤ መግቢያውንም ያስከፈሉን በዚያው ልክ ነው። መድረኩ ላይ ያሉት አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንዲት ድምፃዊት ብቻ ናቸው። ድራሙ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል፤ ሳክስፎኑም ቤዙም የሚወጣው ከፍላሽ ነው። ልጅቷን በምንም አልወቅስም። ትዝታ ስትጀምር ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነው ያዳመጣት፤ ከኋላዋ የሚያጅባት ባንድ ይገባት ነበር።

ዋናው ጉዳት ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። ሜኑ ስንጠይቅ «እየታተመ ነው» ተባልን፤ ዋጋውን በቃል ነገሩን፣ «ሁሉን ያካተተ ነው» ብለው። ልንወጣ ስንል የመጣልን በእስክሪብቶ የተጫረ ብጣሽ ወረቀት ነው። ያላዘዝነው ውሃና ለውዝ፣ «ጠረጴዛ» የሚል መስመር፣ ከዚያ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። አስሉት፤ የ4,000 ብር የጠጣ ሰው ሰርቪሱ ሲጨመር 4,400፣ ቫቱ ሲታከል 5,060 ብር ይወጣዋል። የማሽን ደረሰኝ አምጣ ስንለው አስተናጋጁ «ወንድሜ፣ ኔትወርክ የለም፣ ማሽኑ አይሠራም» አለ። በቴሌብር ለመክፈል የሰጠን ቁጥር ሲገባ ደግሞ ስልኩ ላይ የመጣው የግለሰብ ስም ነው፣ የድርጅቱ አይደለም! ቫት የመንግሥት ገንዘብ ነው። ያለ ደረሰኝ፣ በግለሰብ ቁጥር የተሰበሰበ ቫት ገቢ ለመደረጉ ምን ማስረጃ አለ?

ውስኪ በጠርሙስ ካዘዛችሁ ክዳኑ እፊታችሁ ይከፈት። አጠገባችን ለነበሩ ሰዎች ማሸጊያው የተቀደደ ጠርሙስ ቀርቦላቸው «ይቀየርልን» ሲሉ ጥበቃዎቹ መጥተው ከበቧቸው። ሴቶችም አብረዋቸው ስለነበሩ ከፍለው ወጡ። ይህን ማየት ያማል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ ሳትቀመጡ በፊት የተጻፈ ዋጋ ጠይቁ፤ ከሌለ ውጡ፣ አዳማ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት አልጠፋም። ሰርቪስና ቫት ዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ያላዘዛችሁት ነገር ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሳትነኩት አስነሱት።

ሂሳቡ አንዴ ከመጣ ግን በሌሊት ከጥበቃ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። ብጣሿን ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፣ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉት፣ ሁለቱንም ሰኞ ለከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። እኛ የኛን አቅርበናል፤ የሌሎቻችሁም ሲጨመር ጉዳዩ የአንድ ሰው ክስ ሆኖ አይቀርም።