ስቶክፊሽ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ የቼዝ ጨዋታዬን ከማሽን ጋር ስመረምር ያየሁት

ስልኬ ላይ ስቶክፊሽን የጫንኩት ኅዳር ላይ ነበር። አሁን ነሐሴ ነው። የደብረ ማርቆስ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ከቤት አያስወጣም፤ እኔም የዘጠኝ ወሩን ደብተር ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ደብተሩ ላይ ከ40 የማያንሱ ጨዋታዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹን የተጫወትኩት ከጎረቤቴ ከጡረተኛው ጋሼ ጋር፣ ቀሪዎቹን ደግሞ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ነው። «ኮምፒውተር ቼዝ ያስተምራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ያስተምራል፤ ግን አስቀድመህ የራስህን ሐሳብ ከጻፍክ ብቻ ነው። ይህን እስካውቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ለማያውቀው፣ ስቶክፊሽ በነፃ የሚገኝ የቼዝ ኢንጂን፣ ማለትም እርምጃዎችን አስልቶ የተሻለውን የሚመርጥ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያሻሽሉትም ከየአገሩ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2020 ደግሞ የሰሌዳውን ሁኔታ የሚመዝንበት የነርቭ ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር የስሌት ዘዴ) ተጨመረለትና ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ኢንጂኑ ብቻውን ሰሌዳ ስለሌለው ሰሌዳ የሚሰጠው ሌላ መተግበሪያ ይፈልጋል። እኔ የምጠቀመው ድሮይድፊሽን ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ እየመጣ ለሚሄድበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኔትወርክ ሲኖር ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ እገባለሁ። እሱም ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም፤ ጨዋታህን ስታስገባለት የተሳሳትክበትን ቦታ እንደ ክብደቱ በሦስት ደረጃ ለይቶ ያሳይሃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ባክነዋል ማለት እችላለሁ። ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ኢንጂኑን እከፍታለሁ፤ ምልክት የተደረገበትን ቦታ ፈልጌ «አሃ፣ እዚህ ፈረሱን መመለስ ነበረብኝ» እላለሁ፤ እዘጋዋለሁ። በሳምንቱ ያንኑ ስህተት እደግመዋለሁ። ማሽኑ የተሻለውን እርምጃ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ምን አስቤ እንደተሳሳትኩ ራሴን አልጠየቅኩም።

ዓይኔ የተገለጠው ጥር ላይ ነው። ከጋሼ ጋር ስንጫወት ሁሉም ተበላልቶ ሰሌዳው ላይ ሦስት ብቻ ቀሩ፤ የኔ ንጉሥ ዲ4 ላይ፣ ወታደሬ ኢ2 ላይ፣ የእሳቸው ንጉሥ ዲ6 ላይ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። ነጭ እኔ ነኝ፣ ተራውም የኔ ነው። ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቼ ኢ4 ላይ አቆምኩት። ጋሼ ንጉሣቸውን ኢ6 ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ብል ብሠራ ንጉሣቸው ከፊቴ አልነቃነቅ አለ፤ በመጨረሻም ቼክ ሳልላቸው መሄጃ ቤት አሳጥቻቸው አቻ ወጣን። «ችኮላ ነው ልጄ» አሉኝ። «እኛ ልጆች ሆነን ባየነው ሰንጠረዥ ወታደር ሁለት ቤት አይዘልም ነበር።» እውነታቸውን ነው፤ በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ ማለትም በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ ወታደር ከመነሻውም የሚሄደው አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው።

ማታ ያንኑ አሰላለፍ ኢንጂኑ ላይ ደረደርኩት። ወታደሩን ኢ3 ላይ ሳደርገው ለነጭ ትልቅ ቁጥር አወጣ፤ ኢ4 ላይ ሳደርገው 0.00፣ እኩል ነው አለኝ። ልዩነቱ አንዲት ቤት ናት! ድሮ ቢሆን «ኢ3 ነበር» ብዬ ስልኬን እዘጋ ነበር። ያን ማታ ግን እርሳስ ይዤ ምክንያቱን እስካገኝ ድረስ አልተነሳሁም። ወታደሩ ኢ3 ላይ ሲቆም ተራው የጥቁር ነው። ጥቁሩ ንጉሥ ወደ ኢ6 ቢመጣ የኔው ኢ4 ላይ ወጥቶ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ በመሃላቸው ያለችው አንድ ቤት ናት፤ ተራው ደግሞ የእሱ ስለሆነ ወደ አንድ ወገን መሸሽ ግድ ይሆንበታል፤ በለቀቀው በኩል እኔ እገባለሁ። ኢ4 ብዬ ከገፋሁ ግን ንጉሤ ሊቆምባት የሚገባትን ቤት የገዛ ወታደሬ ይይዛታል፤ ንጉሤን ከወታደሩ አስቀድሜ በጎን ላውጣ ብል ወታደሩ ይበላብኛል። ማሽኑ ከዚህ አንዱንም በቃል አልነገረኝም። የሰጠኝ ሁለት ቁጥር ነው፤ ቀሪውን ያገኘሁት አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር ሆኜ ከራሴ ጋር ስከራከር ነው። ሊቼስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያሉት 7 ወይም ከዚያ በታች ሲሆኑ የሚያሸንፈውንና አቻ የሚያወጣውን ለይቶ ያሳያል፤ ይህኛው ተሰልቶ ያለቀ ስለሆነ ግምት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲያልቅ ስልኬን አልነካም። መጀመሪያ ከደብተሬ ላይ ሦስት ቦታ እመርጣለሁ፤ የተጨነቅኩበትን፣ ብዙ ያሰብኩበትንና ነገሩ የተበላሸ የመሰለኝን። በእያንዳንዱ ሥር ምን ለማድረግ አስቤ እንደነበር በሁለት መስመር እጽፋለሁ። ኢንጂኑን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት አማራጭ መስመሮች (ተከታታይ እርምጃዎች) እንዲያሳየኝ አስተካክዬዋለሁ፤ አንድ ብቻ ካየህ ሌላው ሁሉ ስህተት ይመስልሃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሦስቱም ተቀራራቢ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ የናቀውን የራሴን እርምጃ ሰሌዳው ላይ አደርገውና ቅጣቱን እንዲያሳየኝ እጠብቃለሁ። ለምሳሌ ሁለት ፈረሶች በሚባለው አከፋፈት ነጭ ፈረሱን ጂ5 ላይ አውጥቶ ኤፍ7ን ሲያነጣጥር፣ ጥቁር ወታደሩን ዲ5 ላይ ይገፋል፤ ነጭ ይበላዋል። እኔ ዘወትር በፈረሴ መልሼ እበላ ነበር። ኢንጂኑ የሚመርጠው ግን ወታደሩን ትቶ የሲ6ን ፈረስ ኤ5 ላይ አውጥቶ የነጭን ቢሾፕ ማጥቃት ነው። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ወታደሩን በነፃ ለምን ይተዉለታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልኩን መሃላችን አስቀምጠን በፈረስ በላንና ጠበቅን። ከሦስቱ መስመሮች በአንዱ የነጭ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ገብቶ ተሠዋ፤ ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ አለች፤ በዚያው እርምጃ የዲ5ንም ፈረስ ያዘች። ፈረሱን ላድን ያለ ንጉሥ እስከ ኢ6፣ ሰሌዳው መሃል ድረስ መውጣት አለበት። ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ዝም አለ። አሁን ያን መስመር ለሌሎቹ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ልበል። 0.00 እኩል ነው፤ የመደመር ምልክት ለነጭ፣ የመቀነስ ለጥቁር ነው፤ 1.00 ደግሞ የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ ነው ይባላል። ከ15.1ኛው ስሪት ወዲህ ግን 1.00 ማለት ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። ከራሱ ጋር! በእኔና በጋሼ መካከል +1.00 በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገለባበጣል። ስለዚህ ከ0.50 በታች ያለውን ልዩነት ትቼዋለሁ፤ የማየው ቁጥሩ በአንድ እርምጃ የተናደበትን ቦታ ብቻ ነው። አንዳንዴም ማሽኑ የሚመርጠው እርምጃ ትክክል የሚሆነው ቀጥለው የሚመጡትን አሥር እርምጃዎች ሳይስቱ ለሚጫወቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አይቼ አልፈዋለሁ፤ ለእኔ የሚሆነው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መስመር ነው።

ባትሪ ይበላል። ኢንጂኑ ማሰቡን ሳታቆመው ከተውከው ስልኩ ይግላል፤ መብራት በጠፋበት ምሽት እንዲህ ረስቼው ጠዋት ስልኬ ሞቶ አግኝቼዋለሁ። አሁን ጥልቀቱ (ወደፊት ስንት እርምጃ እንደሚያይ የሚያሳየው ቁጥር) 20 አካባቢ ሲደርስ አቆመዋለሁ፤ ለእኛ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው።

ከሰው ጋር እየተጫወቱ ኢንጂን መክፈት ማጭበርበር ነው፤ ሊቼስ ላይ ሲያጭበረብር የተያዘ ሰው አካውንቱ ምልክት ይደረግበታል። ለልጆቹ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እነግራቸዋለሁ። ስልኬንም የምሰጣቸው ሦስቱን ቦታዎች በደብተራቸው ጽፈው ሲያሳዩኝ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ አንዱ ሁለቱን በደንብ ጻፈና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «እዚህ ምንም አላሰብኩም» ብሎ አመጣልኝ። ኢንጂኑን ከፈትንለት። ሩኩን ያስበላው እዚያው ላይ ነበር።