ጢስ አባይ ደርሰን ስፕሪስ ያጣን ቀን

ባለፈው ሁዳዴ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ጢስ አባይ ሄድሁ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሚኒባስ። ልጅቱ ፏፏቴውን የምታውቀው ከድሮዋ አንድ ብር ጀርባ ነው፤ ሁለቱ ወፎች፣ ከዚያ ያ ሰፊ ውሃ። መጋቢት ላይ እሱን አትጠብቂ ብያት ነበር። ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆነው ገደል ቀጭን ውሃ ብቻ ሲወርድ ስታይ፣ «ይኼ ነው?» አለች።

በጋው አንድ ነገር ነው። ግን ውሃው ለመብራትም ይጠለፋል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 ትንሹ ማመንጫ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፣ 73 ሜጋዋት። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ ራሱ መቅዳት ጀመረ። ጢሱን ማየት የሚፈልግ ነሐሴ ይምጣ።

መንገዳችን ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ግን አያሳፍርም። ፖርቱጋል ድልድይ ይሉታል። በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 የተሠራ ነው፤ ዛሬም አህያ ከነጭነቱ ይሻገርበታል።

ምሳ የበላነው ከተማዋ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ቤት ነው። ቅሬታ ስላለኝ ስሟን አልጽፍም። በወረቀት ጢስ አባይ እንደ ዘጌና መሸንቲ የባሕር ዳር ሳተላይት ከተማ ናት፤ ቁጭ ብላችሁ ስታዩዋት ግን የገጠር ገበያ ናት። ዶሮ እግራችሁ ስር ይለቅማል።

«እማማ፣ ስፕሪስ አለ?» አልሁ።

«አለ የኔ ልጅ፤ መብራት ሲመጣ።»

ማመንጫው እዚሁ፣ መብራቱ የለም! እሳቸውም ሳቁ።

ተጋቢኖው ግን ሌላ ነገር ነው። በሸክላ ድስት እየተንፈቀፈቀ መጣ፤ ጠርዙ ላይ የያዘውን ቅርፊት እየፋቅን ነው የበላነው። ሽሮው ነጭ ሽንኩርት አልተሰሰተበትም። ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። እንጀራው ትንሽ ኮምጥጧል፣ ለእኔ ይመቸኛል፤ የአክስቴ ልጅ አልወደደችውም። ቡናው በከሰል ስለሆነ መብራት አልጠበቀም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ምሳው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሂሳቡ ላይ ደግሞ ያልጠጣነው ሁለት ስፕሪስ ተጽፏል። ስነግራቸው እማማ ደንግጠው ሰረዙት፣ ሁለተኛ ቡናም ያለ ክፍያ ቀዱልን።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል የጁስ ማሽኑ ሲጮህ ሰማን።