የዋንዛውን ቅጠል ለሣሉልን ልጆች

ባሕር ዳር ውስጥ ለማኅበር፣ ለዕድር ወይም ለሱቅ ሎጎ ሊያሠራ ያሰበ ሰው ይቺን ሳያነብ እንዳይከፍል። የችግኝ ተከላ ማኅበራችንን ሎጎ፣ ባነርና የችግኝ መለያ የሠሩልን አራት የዲዛይን ተማሪዎች ናቸው። እጃቸው ይባረክ!

ከእነሱ በፊት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሁለቴም ገንዘቡ ውኃ በልቶታል። አንደኛው ከኢንተርኔት ያወረደውን ቅጠል አመጣ፤ ያ የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው። ጣና ዳር ማን ተክሎት? ሌላኛው ትንሽዬ ጄፔግ በቴሌግራም ላከ፣ 3 ሜትር ባነር ላይ ስትለጠጥ ዳርዳሯ ጥርስ አወጣ። ዋናው ፋይል ይሰጠን ሲባል ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቀ።

ልጆቹ ግን ኮምፒውተር ሳይከፍቱ መጀመሪያ ችግኝ ጣቢያ መጡ። በብዛት የሚተከለው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ ተባሉ። አንድ የዋንዛ ቅጠል ቀጥፈው ጀርባውን ወደ ላይ አደረጉ፣ ወረቀት አለበሱትና በእርሳስ አሹት። የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሎጎው የወጣው ከዚያ ነው። ከጅማቱም ያስቀሩት አምስቱን ብቻ ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር በሆነ ማኅተም ላይ ቀጫጭን መስመር ከበዛ ቀለሙ ይደፍነዋል።

ስሙን በወፍራም ፊደል ጻፉት። ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ስለሆነ ፊደሉ ከቀጠነ ከሩቅ ይምታታል። ሙከራውን ባጃጅ ጀርባ ላይ ለጥፈው ከመንገድ ማዶ ሆነው አነበቡት፣ ሦስቴ አስተካከሉት። እንዲህ የሚለፋ ባለሙያ ስንት አለ?

መለያው ላይ የዛፉ ስምና የተተከለበት ቀን በእርሳስ የሚጻፍበት ሻካራ ቦታ አለ፤ ማርከር በፀሐይ ይለቃል። ቀዳዳውን ያሰፉት ደግሞ ግንዱ ላይ ሳይታሰር ከችግኙ ጎን ባለው ካስማ ላይ እንዲገባ ነው። ግንድ ላይ የጠበቀ ሽቦ ችግኙ ሲወፍር ልጡን ቆርጦ ያደርቀዋል፤ ይኼን ነግረናቸው ወዲያው ገባቸው።

ሲያስረክቡ ፒዲኤፍና ኤስቪጂ (ቢለጠጥም ዳሩ ጥርስ የማያወጣ የፋይል ዓይነት) ሰጡን፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይረው። ያ ካልተደረገ ፎንቱ (የፊደሉ ዓይነት) የሌለው ማተሚያ ቤት አማርኛውን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። ለቲሸርት ባለ አንድ ቀለም አለው፤ በወንፊት (ስክሪን ፕሪንት) ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ስለሚፈልግ ዋጋው ይጨምራል። የአረንጓዴው ነገር ግን አደራ፦ ኮምፒውተር ላይ የሚያበራው ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፣ አንድ ናሙና ሳታሳትሙ ሺህ አትዘዙ።

የምታሠሩ ከሆነ ጽሑፉን አስተካክላችሁ ጨርሳችሁ ስጧቸው፣ የፈተና ሳምንት አትጥሩባቸው፣ ፋይሉን በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀ እሰጣለሁ። ተማሪ ናቸው ብላችሁ ግን በነጻ እንዳታሠሯቸው።