ጠባሴ ያለችው የአሮጌ ዕቃ ሱቅና የመርከቡ መስኮት

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለች አነስተኛ ሱቅ ናት፤ ስሟን አልጠቅስም። ወጣትነቴን ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ስላሳለፍኩ፣ የመርከብ መስኮት አለ ሲሉኝ ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ።

ዕቃው የምር የመርከብ ነው። ወፍራም ነሐስ፣ ማጠፊያው ላይ አረንጓዴ ዝገት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ጨው ደርቋል። እጄን አሳርፌበት ዝም አልኩ። 9 ሺህ ብር አይበዛበትም።

«ከሰመጠ መርከብ የወጣ ነው ጋሼ፤ ያገኘ ይወስዳል» አለኝ ሻጩ ልጅ። እዚህ ላይ አልተስማማንም። መርከብ ስለሰመጠ ባለቤት አያጣም። የባሕር ሕግ ንብረት ላዳነ ሰው ወሮታ ይሰጠዋል እንጂ ባለቤት አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ ቢያንስ 100 ዓመት ውኃ ውስጥ የቆየ የሰው እጅ ሥራ አሻራን ቅርስ ይለዋል። ለንግድ አይቸበቸብም፤ መጀመሪያ የሚታሰበውም ባለበት መተው ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ምጽዋ ወደብ ላይ ራሳቸው ያሰመጧቸው መርከቦች ገና 100 ዓመት አልሞላቸውም። ቢሆንም የማንም መጫወቻ አይደሉም። ስንት መርከብ ለባሕረኛው መቃብሩ ሆኗል!

ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ጠየቅኩ። የለም።

የሱቁን ጀበናና የድሮ ፋኖስ ግዙ፤ ጥሩ ናቸው፣ ልጁም ሰው አክባሪ ነው። መስኮቱን ግን ያለ ወረቀት እንዳትነኩት። ያመጣለትን ሰው ጠይቆ እንዲደውልልኝ ስልኬን ሰጥቼው ወጣሁ።