የጉምሩክ፣ የመንግሥት ወይስ የባንክ ጨረታ፦ መኪና ፈላጊ የቱ ጋ ይሂድ?

አዲስ ዘመንን ለጨረታ ገጹ ብቻ የሚገዙ ሰዎች አሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያለ መኪና ተፈላጊ ነው። ብዙ ሰው ግን "ጨረታ" ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። መነሻ ዋጋቸው ቢቀራረብም ከመኪናው ጋር የሚመጣው ወረቀት ይለያያል። እኔ የምመርጠው በወረቀቱ ነው።

የጉምሩክ ኮሚሽን የሚሸጠው የተወረሰ ወይም ባለቤቱ ሳያነሳው የቀረ ዕቃ ነው። ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ጎማ፣ ኮንትሮባንድ ጭኖ የተያዘ ተሽከርካሪም አለበት። ዕቃው ብዙ ጊዜ ተጠቃሎ በሎት ስለሚቀርብ ለነጋዴ እንጂ አንድ ቴሌቪዥን ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ንግድ ፈቃድና ቲን የሚጠይቅ ማስታወቂያም አለ። በቃል በሚካሄደው ሐራጅ ላይ "አንተ ተወው፣ የሻይ እንሰጥሃለን" የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ መዘዙ ለእናንተም ይተርፋል።

መኪናው ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የከረመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከመሰለ እዚያው ተዉት። የዘይት መለኪያውን ስባችሁ እዩ። ዘይቱ ሻይ በወተት ከመሰለ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ዝገት ፈልጉ። ባትሪና ጎማ እንደሌለው ቁጠሩት።

የመሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት ላይ የባለቤትነት ጭቅጭቅ እምብዛም የለም። መኪናው የመንግሥት እንደነበር ኮድ 4 ሰሌዳው ይናገራል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ፒክአፕ እንዲሄድ የሌላው ዕቃ ተፈቶ ሊሆን ይችላል። "ባለበት ሁኔታ" የምትለዋን ቃል በደንብ አንብቧት፤ ከወሰዳችሁ በኋላ መመለስ የለም ማለት ናት። "ለቁርጥራጭ ብረት" የሚል ካለበት ሊብሬ ይኖረው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጋራዥ ላለው ሰው ከሦስቱም የሚያዋጣው ይኼ ነው።

የባንኩ ሐራጅ በእርግጥ የመንግሥት ንብረት ሽያጭ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን ራሱ ይሸጣል። መኪናው ብድር ሲወሰድበት ሰነዱ አንድ ጊዜ ስለተመረመረ፣ ለመንዳት መኪና ለሚፈልግ ሰው እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ። ማስታወቂያው ላይ "ለሁለተኛ ጊዜ" የሚል ካያችሁ፣ በመጀመሪያው ዙር ለምን እንዳልተሸጠ አጣሩ። ብዙ ሰው የሚዘላት አንዲት መስመርም አለች፦ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡን ገዢው ይከፍላል የምትለዋ። እሷን ሳያነብ እጁን ያወጣ ሰው በርካሽ ያገኘው መኪና ከገበያው በላይ ሊወጣበት ይችላል።

ቤት ከሆነ ግን ምክሬ ይቀየራል። ውስጡ የሚኖር ሰው ካለ ማን እንደሚያስለቅቅ፣ የሊዝ ቀሪ ዕዳ ስንት እንደሆነ ሳታውቁ አትጫረቱ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። መነሻው 600 ሺህ ብር ከሆነ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ሩቡን ማለትም 150 ሺህ ብር በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛሉ። በ800 ሺህ አሸነፋችሁ እንበል። ዋጋው ቫትን ካላካተተ 15 በመቶው 120 ሺህ ነው፤ ስለዚህ 920 ሺህ ደረሰ። ስም ማዛወሪያው፣ መጎተቻው፣ ጥገናው ገና አልተነካም። ከተሸነፋችሁ ሲፒኦው ይመለስላችኋል። አሸንፋችሁ ቀሪውን በተባለው ቀን ካልከፈላችሁ ግን ያስያዛችሁት ገንዘብ ቀለጠ። "ብድር አገኛለሁ" ብሎ መጫረት አያዋጣም።