ግራፋይት፣ ሲሊከን ወይስ ታይታኔት? የሊቲየም ባትሪ ሲገዙ አኖዱን ይጠይቁ

ሻጮች ባትሪን የሚጠሩት በካቶዱ (በፖዘቲቭ ወገኑ) ቁስ ነው፤ «ፎስፌት ነው»፣ «ኒኬል ነው» ይላሉ። ዕድሜውንና ቻርጅ የሚደረግበትን ፍጥነት በብዛት የሚወስነው ግን አኖዱ፣ ማለትም ሲሞላ ሊቲየሙን የሚቀበለው ኔጌቲቭ ወገን ነው። ካርቶኑ ላይ «ናኖ» (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

ገበያውን የያዘው ግራፋይት ነው። በግራም እስከ 372 ሚሊአምፔር አወር ይይዛል፤ ሲሞላ የሚያብጠው 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቶሎ አይፈረካከስም። ጠላቱ ብርድ ነው፦ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለበጣል፣ አቅሙም ይወርዳል። አዲስ አበባ ላለ የቤት ሶላር ይህ አያሳስብም፤ ከፎስፌት ካቶድ ጋር የተሠራውን ይግዙ። በክረምት ስቶክሆልም ደጅ ላይ ለሚቀመጥ ባትሪ ግን ማሞቂያ ያስፈልጋል።

ሲሊከን በግራም ወደ 3,600 ሚሊአምፔር አወር ይጠጋል። ችግሩ ሲሞላ ከሦስት እጥፍ በላይ ማበጡ ነው። ቅንጣቱ በተሰነጠቀ ቁጥር አዲስ ገጽ ከኤሌክትሮላይቱ (ሊቲየሙን ከሚያመላልሰው ፈሳሽ) ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ላይ ሽፋን ይሠራል፣ ሊቲየሙም ሽፋኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ናኖ የገባው ለዚህ ነው፦ ከ150 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ ቅንጣት አብጦ አይሰነጠቅም። ነገር ግን ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ጠቅላላ ገጹ ስለሚሰፋ፣ ገና በመጀመሪያው ቻርጅ ብዙ ሊቲየም ይበላል። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ጥቂቱን ብቻ ከግራፋይት ጋር የሚደባልቁት ለዚህ ነው። ክብደት ለሚያሳስበው ስልክና መኪና ይጠቅማል፤ ወለል ላይ ለሚቀመጥ ባትሪ ተጨማሪ ገንዘብ አያወጡበት።

ሊቲየም ታይታኔት 175 ብቻ ነው የሚይዘው፤ መጠኑ ግን ከ1 በመቶ በታች ስለሚለዋወጥ 10,000 ዙር (ሞልቶ የመጠቀም ዑደት) ማለፍ ይችላል፣ ፈጣን ቻርጅም ይችላል። ክፍያው ክብደት ነው፦ 5 ኪሎዋት አወር ለማግኘት በኪሎ 70 ዋት አወር ከሚይዙ ሴሎች 71 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል፤ 150 ከሚይዙ የፎስፌት ሴሎች 33 ይበቃል። የአንዱ ሴል ቮልት 2.3 አካባቢ፣ ጣሪያው 2.8 ገደማ ነው። ለፎስፌት በተሠራ፣ በሴል 3.65 ቮልት በሚሰጥ ቻርጀር ከሞሉት ጋዝ ፈጥሮ ያብጣል። ቻርጀሩና ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት) ለታይታኔት መስተካከላቸውን ሳያዩ አይክፈሉ።

«6,000 ዙር» ሲባሉ ደግሞ በስንት ዲግሪ፣ በምን ያህል አምፔር፣ በየዙሩ ከቻርጁ ስንት በመቶ እየተጠቀሙ፣ መጨረሻ ላይ ስንት በመቶ አቅም ቀርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የአምራቹን የመረጃ ወረቀት ማሳየት ያልቻለ ሻጭ የጠራውን ቁጥር ከዋጋ ድርድሩ ያውጡት።