ስላይትሊ ዩዝድ ሚኒ ፒሲ ወይስ ቲቪ ቦክስ? ለሳሎን የቱ ይሻላል

ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው የሚመጡት ትናንሽ ዴስክቶፖች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዋጋቸው ቀለል ስለሚል ብዙ ሰው «ቀን ለስራና ለልጆቹ ትምህርት ይሁን፣ ማታ ቲቪው ላይ ሰክቼ ፊልም አይበታለሁ» ብሎ ይገዛል። ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ስለተባለ ብቻ ብር እንዳታወጡ።

ዋናው የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ ነው። 4ኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2013 የወጣው፣ ስሙ ላይ ኤክስ265 10ቢት የሚል (ፋይሉ እንዲያንስ በአዲሱ መንገድ የታመቀ) ፊልም ስትከፍቱበት ፕሮሰሰሩ በጉልበቱ ነው የሚያጫውተው፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ፎርኬ ከሆነማ ምስሉ እየቆመ ይሄዳል። ከ7ኛ ጀምሮ ግን እሱንም የዩቲዩብን ፎርኬም ግራፊክሱ ራሱ ስለሚጨርሰው ማሽኑ ድምፁም አይሰማ። 8ኛ ካገኛችሁ ይበልጣል፣ ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው ከዛ ወዲህ ያለውን ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ አፕዴት ደግሞ በኦክቶበር 2025 ቆሟል። ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲሶቹ ሚኒዎች ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ ማመቂያም ያጫውታሉ፣ መብራትም አይበሉም፣ በጀት ካለ እሰየው።

ከጀርባም እዩት። አንዳንዶቹ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ናቸው፣ ቲቪው የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ የላቸውም፣ ርካሽ አዳፕተር ከገዛችሁ ደግሞ ፎርኬ ቲቪ ላይ 30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) ብቻ ይሰጥና ማውሱ እንኳን እየተጎተተ ይሄዳል።

ቲቪ ቦክስ፣ ማለትም ቲቪው ላይ የሚሰካው ትንሹ የአንድሮይድ ሳጥን፣ ሪሞት አለው፣ እናቴም ብትሆን ትከፍተዋለች። ሚኒ ፒሲ ግን የቲቪውን ሪሞት አይሰማም፣ ሶፋ ላይ ማውስ የምታሹበት ቦታ መፈለግ ነው። በሌላ በኩል ርካሽ ቦክሶች የኔትፍሊክስ ፈቃድ ስለሌላቸው ኔትፍሊክስን በደብዛዛ ጥራት ነው የሚያሳዩት፣ ሚሞሪያቸውም ወዲያው ይሞላል። ከፍላሽ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ምስሉ እየሄደ ድምፅ የሌለው ፊልም ያጋጥማችኋል፣ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባል ቦክሱ በማያውቀው ፎርማት ስለተቀዳ ነው፣ ፒሲ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ከከፈታችሁት ምንም ችግር የለውም።

ለኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ይሄ ሁሉ አይደለም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማሽኑ የማን ነው? ልጁ አሳይመንት አለብኝ ይላል፣ ቤቱ ድራማ ማየት ይፈልጋል፣ ዴስክቶፑ አንድ ነው። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ችግር የለም፣ 7ኛ ወይ 8ኛ ጀነሬሽን ሚኒ ገዝታችሁ ታችፓድ ያለው ገመድ አልባ ኪቦርድ ጨምሩበት፣ አለቀ። ቤተሰብ ካለ ግን ፒሲውን ቲቪው ላይ አትሰኩት። ከነሞኒተሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰካበትና ጄሊፊን የሚባል፣ ፊልሞቹን ለቤቱ ሌሎች ዕቃዎች የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ይጫንበት፣ ነፃ ነው፣ ሳሎን ያለው ቲቪ ቦክስ ፊልሙን በቤቱ ዋይፋይ ከሱ ይስባል። ፋይሉ ቤት ውስጥ ስለሚዞር የኢንተርኔት ፓኬጅ አይበላም፣ ልጁም ስራውን ይሰራል። ይሄ የሚሆነው ፋይል ለምታጠራቅሙ ነው፣ ዩቲዩብ ብቻ ለሚያይ ቤት ቦክሱ ይበቃል፣ ሚኒ ፒሲ ትርፍ ወጪ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ እንዳይጎዳ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ያስፈልጋል፣ አብዛኞቹ ሚኒዎች በ65 ዋት ቻርጀር ስለሚሰሩ ትንሹ ይበቃል። ቻርጀሩን ደግሞ እዛው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አብርታችሁ እዩት፣ የአንዱ ኩባንያ ቻርጀር ለሌላው ላይሆን ይችላል፣ ለብቻው ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው።